ቡጢውን የዘረጋው ልጅ

ዛሬ ዣንቲዩ ዋልኩ። መሀል ፈረንሳይ፣ ክሩዝ የሚባል አካባቢ ያለች ሚጢጢ የገጠር መንደር ናት። የግራናይት ድንጋይ ቤቶች፣ ጫካ፣ ቀያይ የሊሙዛን ላሞች። ከሰው ይልቅ ላም ነው ያየሁት ማለት ይቻላል።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ጥርቅም! ምሳ ነዋ። በፈረንሳይ ገጠር በዚህ ሰዓት ዕቃ እገዛለሁ ያለ ሰው ጉዱ ፈላ።

የመጣሁት ለሐውልቱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱባትን ስም በድንጋይ ያልቀረጸች የፈረንሳይ መንደር ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ቦታ ከስሞቹ በላይ ጀግና ወታደር ወይ የፈረንሳይ ምልክት የሆነው አውራ ዶሮ ይቆማል። እዚህ ግን የቆመው አባቱን ጦርነት የበላበት ልጅ ነው። የተማሪ ሽርጥ ለብሷል፤ እግሩ ላይ የእንጨት ጫማ። በአንድ እጁ ኮፍያውን ይዟል፤ የሌላውን ቡጢ ወደ ጽሑፉ ዘርግቷል፦ «ጦርነት የተረገመ ይሁን»።

በ1922 (በነሱ አቆጣጠር) ነው የተሠራው። ባለሥልጣናቱ ለብዙ ዓመታት በይፋ አልመርቅም አሉ። ምን ይገርማል? እንዲህ ያለ ነገር የትም አገር ባለሥልጣን ደስ አይለውም።

የኛን አገር ዜና እየሰማሁ ለከረምኩት ለኔ ግን ልቤ ድረስ ገባ። መሄድ የምትፈልጉ መኪና ያዙ፤ በአውቶቡስ እደርሳለሁ ብላችሁ እንዳትሸወዱ።