ከአራት ኪሎ እስከ ወጨጫ፦ የፒክአፓችን አራተኛ ወር

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሐምሌ ላይ "መኪናዋን ገዛናት" ብዬ ከነገርኳችሁ ወዲህ እንዴት ሆነላችሁ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁና ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ናት፣ ሲንግል ጋቢና፣ ዋን ኤች ዜድ ሞተር፣ 4.2 ሊትር ናፍታ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የላትም። ከወንድሜ ጋር ለሁለት ነው የገዛናት፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መርካቶ ዕቃ ታመላልሳለች፣ እሁድ ግን የእኛ ናት።

ስለ ጉልበቷ መጀመሪያ ልናገር፣ ምክንያቱም ያየ ሁሉ "አትጎትትም" ይላል። እዚህ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለነው፣ አየሩ ከባህር ጠለል ሲተያይ ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚስበው ያንኑ የሳሳ አየር ነው፣ ስለዚህ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ነዳጅ ብትረግጡ ጥቁር ጭስ ትጨምራለች እንጂ ጉልበት አትጨምርም። ቱርቦ እናስገጥም እያልኩ ወንድሜን ስጨቀጭቀው ነው የከረምኩት። አሁን ትቼዋለሁ፣ ጭቃ ውስጥ የጎደለን ጉልበት አልነበረማ።

ነሐሴ ላይ በአዲሱ ገበያ ወጥተን ሱሉልታ ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን ሜዳው ላይ ባለችው የጋሪ መንገድ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አልሄድንም፣ ያ ጥቁር አፈር ያዘን። የማታውቁት ካላችሁ፣ ይሄ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለልና ጥርሶቹን ሞልቶ ልሙጥ ያደርጋችኋል። ፎር ኤች (አራቱም ጎማ እንዲጎትት የሚያደርገውን ማርሽ) አስገብቼ ስረግጥ ኋላው እየተሽከረከረ ይሰምጣል። ወንድሜ ወርዶ አየና "የፊቱ እኮ አይዞርም" አለኝ። እዚች መኪና ላይ ማርሹን ማስገባት ብቻውን አይበቃም፣ የፊት ጎማዎቹ መሀል ላይ ያለችውን መቆለፊያ በእጅ ከፍሪ ወደ ሎክ ማዞር አለባችሁ፣ ካልሆነ የፊቱ አክስል ባዶውን ነው የሚዞረው። ይሄን አንብቤ አውቀው ነበር፣ አስፋልት ላይ እያለን ግን አላዞርኩትም። በሆዴ ተኝቼ ጭቃውን በእጄ እየዛቅኩ የግራውን አገኘሁት፣ ጣቴ እያዳለጠኝ በጨርቅ ይዤ አዞርኩት። የቀኙ እምቢ አለ፣ ወንድሜ መኪናዋን ትንሽ ሲያንቀሳቅሳት ነው ቀጭ ብሎ የገባው።

ከዚያም አልወጣንም። ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት ቆመው ሲያዩን ቆይተው "ልጄ አትርገጣት፣ እየቆፈርክላት ነው" አሉኝ። ቀጥሎ በዱላቸው ዳሩን አሳዩኝ፣ ሳሩን ይዛችሁ ውጡ፣ ሥሩ መሬቱን ይዞታል ብለው። "እሺ አባባ" ብዬ ሞተሩን አጠፋሁና የጎማውን አየር ከ40 ወደ 25 ፒኤስአይ አስተነፈስኩት። ሲተነፍስ ጎማው ሆዱን ሲያወጣ ታዩታላችሁ፣ መሬት የሚነካው ቦታ ይረዝማል። ከዚህ በታች እንዳልወርድ የፈራሁት ግን ጎማችን 7.50 በ16 ባለ ከለመዳሪ ስለሆነ ነው፣ አየሩ በጣም ካነሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞርና ቫልቩን ይበጥሰዋል። ፎር ኤል (የአራቱ ጎማ ዝግተኛው ማርሽ)፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳልነካ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ፣ በራሷ ጊዜ እየዳኸች ሳሩ ላይ ወጣች። ፎር ኤል የማርሹን ጉልበት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ያበዛዋል፣ ቱርቦ እያልኩ ስለምነው የነበረው ነገር እጄ ስር ነበረ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አስፋልት ሲያልቅ እንቆማለን። መቆለፊያው፣ አየሩ፣ ከዚያ አንዳችን ወርዶ መንገዱን በእግሩ ያየዋል። ስንመለስ ደግሞ ወደ አስፋልት ሳንወጣ ፎሩን እናወጣለን፣ የፊትና የኋላው አንድ ላይ ስለሚታሰር ደረቅ መንገድ ላይ ስትጠመዝዙ መሪው ይከብዳል፣ ማርሹም ይጎዳል።

መስከረም መጨረሻ ላይ በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና አድርገን በሰበታ በኩል ወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው መናገሻ ሱባ ጫካ ሄድን። ጫካው ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተጠብቆ የቆየ ነው የሚባለው፣ እነዚያን ጽዶች ያየ ሰው ከመንገድ ወጥቶ በመሀላቸው መንዳት አያስበውም፣ እኛም ከመኪና መንገዱ አልወጣንም። እዚያ የተማርኩት ቁልቁለት ነው። ድንጋዩ እርጥብ ነበር፣ ካቢኔው ላይ ካለነው ከሁለታችን በቀር ጭነት ስላልነበረን ኋላዋ ቀሎ ባሌስትራው ያዘልላታል፣ ፍሬን ስነካ ኋላዋ ወደ ገደሉ ዞረች። ልቤ ቀጥ አለ። እግሬን ከፍሬን ሳነሳ ጎማው እንደገና መሬት ያዘ፣ መሪውም ታዘዘኝ። የቀረውን በፎር ኤል አንደኛ ማርሽ፣ ፍሬንም ፍሪሲዮንም ሳልነካ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዛት ወረድኩ። እግርን ከፍሬን ማራቅ እስኪለመድ ድረስ ከባድ ነው፣ እውነቴን ነው። አሁን ሁለት ጆንያ አሸዋ ከኋላ አክስሉ በላይ አስረን ነው የምንወጣው።

ስንመለስ ውሃው ጉልበት የማይደርስ ወንዝ ተሻገርን፣ ምንም አልሆነም ብለን ቤት ገባን። ባለፈው ሳምንት መካኒኩ የኋላውን ዲፈረንሻል (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን የማርሽ ቤት) ቡሎን ሲፈታው የወጣው ዘይት ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ዲፈረንሻሉ ሞቆ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻዋ በኩል ውሃ ይስባል፣ የኛ መተንፈሻ ደግሞ ተደፍና ስለነበር በዘይት ማገጃው ጎሚኒ ነው የሳበው። ከወንዙ በፊት አሥር ደቂቃ ቆመን ብናቀዘቅዛት ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ዘይቱ ተቀይሯል፣ ጎሚኒውም ተቀይሯል፣ ቅዳሜ ከመተንፈሻዋ እስከ ጭነት ሳጥኑ ከፍታ ድረስ የሚወጣ የጎማ ቱቦ እናስገባለን።

ጥቅምት አጋማሽ እሁድ ያንኑ ወንዝ ደግመን ልናየው አስበናል። የእኛ ካቦ ሽቦ ስለሆነ ከተበጠሰ ሰው ይጎዳል፣ የሚለጠጥ የጨርቅ መጎተቻ ያለው ሰው ሁለተኛ መኪና ይዞ ቢመጣልን ደስ ይለናል፣ ንጋት 12 ሰዓት ከአራት ኪሎ እንነሳለን።