ከአቴና ጉጉት እስከ ላቭሪዮ ጉድጓድ

አቴንስ ሄዶ አክሮፖሊስን ሳያይ የሚመለስ የለም፤ ከኮረብታው ወርዶ ፓኔፒስቲሚዩ ጎዳና ላይ ወዳለው የገንዘብ ሙዚየም ጎራ የሚል ግን ጥቂት ነው። ቤቱ ትሮይን ቆፍሮ ያወጣው የጀርመናዊው ሀብታም የሃይንሪሽ ሽሊማን መኖሪያ ነበር። ወለሉ ሞዛይክ፣ ግድግዳው ሥዕል ነው፤ እኔ ግን የሄድኩት ለብሩ ነው።

የአቴንስ ቴትራድራክማ፣ ማለትም ባለ አራት ድራክማዋ ሳንቲም፣ ከአንድ ዩሮ ብዙም አትሰፋም፤ ክብደቷ ግን 17 ግራም አካባቢ ነው፣ ከዩሮው እጥፍ በላይ። በአንድ በኩል የራስ ቁር ያጠለቀችው የጥበብ አምላኳ አቴና አለች። ፊቷ ወደ ጎን ዞሮ ሳለ ዓይኗ ፊት ለፊት እንደሚያይ ሰው ዓይን ሙሉውን ተስሏል፤ ከንፈሯ ላይ ስስ ፈገግታ አለ። በሌላው በኩል ጉጉት ቆማለች፤ ከኋላዋ የወይራ ቅጠልና ትንሽ ጨረቃ። እኛ ዘንድ ሌሊት ስትጮህ የሚማተቡባት ወፍ እዚህ የጥበብ አምላክ ባለሟል ናት። አንዷ ባለ ጉጉት ሳንቲም ጀርባዋ በመሮ ተፈንክቷል፤ ውስጧ መዳብ እንዳይሆን የሰጋ ነጋዴ ሥራ ነው።

የገረመኝ ሌላ ነው። አቴናውያን ፓርቴኖንን በዚያ ውበት በሚቀርጹበት ዘመን እንኳ ሳንቲማቸው ላይ ያው የድሮ ዓይንና ያው የድሮ ፈገግታ ነበር። ቀራጭ አጥተው አይደለም፤ መልኩ ከተለወጠ ባሕር ማዶ ያለው እህል ሻጭ ይጠረጥራላ! ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ሞታ፣ ጠገራ ብሯ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖረ፤ ምኒልክ በራሳቸው ምስል ፓሪስ ያስመቱት ብር እንኳ ከገበያችን ሊያስወጣት አልቻለም።

በውበት ከሆነ የሲሲሊዋን ሲራክዩዝ የሚደርስባት የለም። በአፈ ታሪክ የምንጭ አምላክ የሆነችውን አሬቱሳን በዶልፊኖች ከበው የቀረጹት ኪሞንና ኤዋይኔቶስ ስማቸውን ሳይቀር ሳንቲሙ ላይ በደቃቅ ፊደል አስፍረዋል። ሩቅ የተጓዘችው ግን ጉጉቷ ናት፤ ከቀይ ባሕር ማዶ የመን ውስጥ ሳይቀር ኮርጀዋት የራሳቸውን ብር መትተዋል።

በማግስቱ ብሩ ወደተቆፈረበት ወደ ላቭሪዮ በአውቶቡስ ወረድኩ፤ ከአቴንስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቶሪኮስ የሚባለው ቦታ ላይ እንደ እንቁላል የሞለለ ጥንታዊ ቲያትር አለ፤ ከጎኑ የማዕድን ጉድጓድ። ጠባብነቱን ሲያዩት ሰው ገብቶበት ሠርቷል ብሎ ማመን ይከብዳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ483 ገደማ እዚህ አካባቢ ብዙ ብር ሲገኝ፣ ለዜጋው ሁሉ አሥር አሥር ድራክማ ይታደል ተብሎ ነበር። የአቴንሱ መሪ ቴሚስቶክሊስ ግን መርከብ እንሥራበት ብሎ አሳመናቸው፤ በ480 ሳላሚስ ደሴት አጠገብ ፋርሶችን ያሸነፉት በእነዚያ መርከቦች ነው።

ቆፋሪዎቹ በአብዛኛው ባሪያዎች ነበሩ። ኒኪያስ የተባለው የአቴንስ ባለጸጋ 1000 ባሪያዎቹን፣ በቀን ለአንድ ሰው አንድ ኦቦል እየታሰበለት፣ ለማዕድኑ ያከራይ እንደነበር የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ዜኖፎን ጽፏል። ስድስት ኦቦል አንድ ድራክማ ነው። እንግዲህ አንዲት ባለ አራት ድራክማ ጉጉት የአንድ ሰው የ24 ቀን ኪራይ መሆኗ ነው፤ የምትገባውም ቆፋሪው እጅ ሳይሆን ኒኪያስ ካዝና ነው።