ቆርቆሮው መንገድ ላይ ነው

ሐዋሳ የገባሁት ለክረምት በጎ ፈቃድ ነው፣ በሐምሌ መጀመሪያ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እናቴ ጋቢና ሁለት ወፍራም ሹራብ ጠቅጥቃ ሸኘችኝ፤ ሹራቦቹ ሁለት ወር ሙሉ ከሻንጣ አልወጡም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ ሐዋሳ 1,700 ገደማ። የዚህ ልዩነት ትርጉሙ የገባኝ በመጀመሪያው ሌሊት ነው፣ በትንኝ። ባደግሁበት ቤት አጎበር ተሰቅሎ አይቼ አላውቅም። እዚህ ግን አከራያችን ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት "አጎበር ይዛችኋል?" ነበር ያለችን። ለክረምት ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ከሹራቡ በፊት እሱን ያዙ።

ሦስት ሴቶች ሆነን ታቦር ክፍለ ከተማ አንድ ሰርቪስ ክፍል ተከራየን። ከተማዋን መልመድ አልከበደኝም። ሜዳ ናት፤ መንገዷ ሰፊ ነው። ከጠፋብኝ ቀና ብዬ የታቦርን ተራራ እፈልጋለሁ፣ ካልሆነም ወደ ሐይቁ የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ እገባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲገፍፉ ቆመን እናያለን፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የሰው ቁመት ሊያህሉ ምንም ሳይቀራቸው፣ ፍርፋሪ ይጠብቃሉ፣ ማንንም አይፈሩም። እዚያ ቆሜ ቤቴን ስረሳ ነው ከተማው እንደተቀበለኝ ያወቅሁት።

ሥራው ብዙ ዓይነት ነበር። ችግኝ ተከልን፣ ልጆች አስጠናን፣ ደም ለገስን። ከሁሉም ልቤ የገባው ግን የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ነው። ልነግራችሁ የፈለግሁትም የአንዲት እማማን ቤት ነው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጣሪያቸው ያረጀባቸው። መጀመሪያ ቀን ገብተን ቀና ስንል ቆርቆሮው በዝገት ተበሳስቶ፣ በየቀዳዳው የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ነጠብጣብ ሠርቶ ነበር። ከየነጠብጣቡ ሥር ሳፋ፣ ድስት፣ የቲማቲም ጣሳ ተደርድሯል። የትኛው ቀዳዳ በየትኛው ዝናብ እንደሚያፈስ በቃላቸው ያውቁታል።

ቡድኑ የዕቃ ተረካቢነቱን ለእኔ ሰጠኝ። ጣሪያው ባለሁለት ጎን ነው፤ አናጢው ለክቶ ለእያንዳንዱ ጎን 12፣ በድምሩ 24 ቆርቆሮ ያስፈልጋል አለ። ከሱቅ ገዝተን ከፈልን። በሥራው ቀን ጠዋት አይሱዙ መጣ፣ ቆርቆሮው ግቢ ውስጥ ተራገፈ፣ ሾፌሩ ወረቀት ሰጠኝ፣ ፈረምሁ። ከፈረምሁ በኋላ ነው የቆጠርሁት። 14 ነው። ሱቁ ጋ ስደውል "ቀሪው መንገድ ላይ ነው" አሉኝ።

ፍልሰታ ነበር። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቅዳሴ ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ ቆም አሉ።

"ልጆቼ፣ አንዱን ጎን ሳትጨርሱ ሌላውን እንዳትነኩ። የነሐሴ ሰማይ አይታመንም።"

"እሺ እማማ፣ አይዞዎት" አልናቸው። እሺ ያልነው ከልባችን ነበር። ግን ወጣት ብዙ ነን፣ ሁሉም መዶሻ ይዞ ሥራ ይፈልጋል፣ አስተባባሪያችን ደግሞ ከሰዓት እንግዶች ስለሚመጡ ቶሎ እንድንል ፈልጓል። አናጢው ከላይ ሆኖ ወደ እኔ ዞረና "ቀሪው ቆርቆሮ የት ደረሰ?" አለኝ።

"መንገድ ላይ ነው" አልሁት።

ይህንን ስል ውሸት የምናገር አልመሰለኝም። የነገሩኝን ነው የደገምሁት። ግን እሱ የሰማው "ቆርቆሮ አለ" ብሎ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን አስከፈተ። እኔ ደግሞ መኪናው የት እንደደረሰ አልጠየቅሁም፣ ከሱቁ መውጣቱን እንኳ አላጣራሁም። ያለን 14 ነው፤ አንድ ጎን ለመዝጋት ከበቂ በላይ። እማማ ባሉት መንገድ ብንሄድ ቀሪው ጭራሽ ባይመጣ እንኳ አሮጌው ጎን በቦታው ይቆይ ነበር። እሳቸው ሒሳቡን ሳይቆጥሩ አውቀውታል፤ ስንት ክረምት እዚያ ጣሪያ ሥር ተኝተዋል።

አናጢው ጎበዝ ነው። ምስማር እንዴት እንደሚመታ ያን ቀን አስተማረኝ። ምስማሩ የቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ጎድጓዳው ላይ አይገባም፤ ውኃው የሚወርደው በጎድጓዳው ስለሆነ እዚያ የተበሳ ሁሉ ያፈሳል። ደስ ብሎኝ እየመታሁ ነበር። 8 ሰዓት ተኩል ገደማ በሐይቁ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሱቁ ጋ ደወልሁ፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልሁ። ተነሳ። ቆርቆሮው ገና አልተጫነም።

ዝናቡ እንደ ጀመረ አልጋውና ፍራሹን አውጥተን ጎረቤት አስገባን። ሸራ ፈልጉ ተባለ፣ ማንም ሸራ አላመጣም። ለፍልሰታ ያዘጋጁትን ሽሮ አንዷ ጓደኛዬ በጃኬቷ ሸፍና ይዛ ወጣች። የጤፍ ዱቄቱ ጆንያ ግን ከባድ ነበር፤ ሁለት ልጆች እስኪያነሱት ድረስ በስብሷል። ከሁሉም የከፋው ግድግዳው ነው። የጭቃ ቤት ከላይ ከተከፈተ ውኃው በግድግዳው አናት ይገባል፤ ምርጊቱ እየቀለጠ ዓይናችን እያየ ወረደ፣ ውስጡ ያለው እንጨት ታየ።

እማማ 9 ሰዓት አለፍ ሲል በዝናቡ መጡ። ግማሽ ጣሪያ፣ ግማሽ ሰማይ። አልጮሁም። ጎረቤት ደጃፍ ተጠልለው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ኃላፊው ማነው ብለው ጠየቁና እኔ ቀረብሁ።

"ቆርቆሮውን አይተሽው ነበር ልጄ?"

"አላየሁትም እማማ።"

"ታዲያ አለ ብለሽ ለምን ነገርሻቸው?"

መልስ አልነበረኝም። ብዙ ሰው የሱቁን ሰዎች እንድወቅስ መክሮኛል። እነሱም ጥፋት አለባቸው። ግን ያልቆጠርሁትን የፈረምሁት እኔ ነኝ፣ ያላየሁትን ያየሁ ያህል የተናገርሁትም እኔ ነኝ። ቤት ለሰው ስትሠራ "መንገድ ላይ ነው" ከአፍ የሚወጣ ቀላል ቃል አይደለም። ሰው በዚያ ቃል ጣሪያ ይከፍታል።

ቀሪዎቹ 10 ቆርቆሮዎች በማግስቱ መጡ። ይህን ጊዜ ከመኪናው ሳይወርዱ አንድ በአንድ ቆጠርሁ። ጣሪያው ያኑ ቀን አለቀ፤ ግድግዳው ግን ጊዜ ወሰደ፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት መቆየት አለበት፣ ካልሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በሁለት ቀን ሊያልቅ የነበረው ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀ። አዋጥተን ዱቄቱን ተካን። እማማ በነዚያ ሁሉ ቀናት ጎረቤት እያደሩ ከቅዳሴ መልስ ቡና ያፈሉልን ነበር፣ ቆሎውን መጀመሪያ ለእኔ ይዘግኑልኛል። ያ ነው ይበልጥ ያስለቀሰኝ።

ከዚያ በኋላ በሠራናቸው ቤቶች ሁሉ ሙሉው ዕቃ ግቢ ውስጥ ተቆጥሮ ሳይገባ፣ ሸራም ሳይዘጋጅ፣ ማንም መሰላል ላይ እንዲወጣ አልፈቀድሁም። አንዴ ሙሉ ቀን ቁጭ ብለን ጠብቀናል። የተቆጡ ነበሩ።

ጳጉሜ ላይ ስመለስ እማማ ደወሉ።

"ደረስሽ ልጄ?"

"መንገድ ላይ ነኝ" ልል ነበር። በመስኮት አየሁና የአንድ ሱቅ ታፔላ እስካነብ ጠበቅሁ።

"መቂ ነኝ እማማ። አሁን መቂ ገባን።"