ቱንቢው፣ ሲባጎውና 9.81

ሁለተኛ ዓመት ስጨርስ ለእረፍት አገር ቤት ገባሁ። ቤታችን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ክረምት ስለነበር ጭቃው አያስወጣም። ዘመድ ሲመጣ ጥያቄው ያው ነው፤ «ፊዚክስ? ከዛስ ምን ይሠራል?» እኔም መልስ የለኝ። በርሊን ላይ ማታ ማታ ሳህን እያጠብኩ የምማረው ትምህርት እንደሚሆነኝ ራሴም መጠራጠር ከጀመርኩ ቆይቷል።

ነገሩ የመጣው ከአንድ የላብ ሪፖርት ነው። በፔንዱለም፣ ማለትም በገመድ ተንጠልጥሎ በሚወዛወዝ ክብደት፣ ጂን ለኩ ተባልን። ጂ የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበት ልክ ነው፤ ከገመዱ ርዝመትና አንድ ውዝዋዜ ከሚፈጀው ጊዜ ይሰላል። እኔ ሃይስኩል ሳለሁ ጂ አይለካም፣ ይሸመደዳል። 9.8 ነው፤ ፈተና ላይ ደግሞ «ለማቅለል 10 ውሰዱ»። ስለካ 9.6 ምናምን መጣብኝ። ደነገጥኩ። ሁለት ሦስት ቁጥር ነካ ነካ አድርጌ 9.81 ላይ አሳረፍኩትና አስረከብኩ። የላብ አስተማሪዋ ጠራችኝ። «ይሄ በጣም ገጥሟል። መጀመሪያ የጻፍክበትን ደብተር አምጣ» አለችኝ። ደብተር የት አለ? በብጫቂ ወረቀት ጽፌ ጥዬዋለሁ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ኮዬ ፈጬ ላይ አንድ ቀን ደረጃ ስወርድ፣ በደረጃው መሃል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ መውረዱን ልብ አልኩ። ለፔንዱለም የተሠራ ይመስላል። ጂ በየቦታው ይለያያል፤ በርሊን 9.813 ነው፣ አዲስ አበባ 9.77 ምናምን። ብዙ ሰው ከፍታው ነው ይላል። ከፍታው ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን ለምድር ወገብ መቅረባችን ነው። ምድር እዚያ ጋ ሰፋ ስለምትል ከመሃሏ እንርቃለን፣ መሽከርከሯም ጂን አብዝቶ የሚቀንሰው እዚያው ነው። ችግሩ ልዩነቱ ትንሽ መሆኑ ነው። በ1 ሜትር ገመድ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ከተሳሳትክ ልዩነቱን እንዳለ ዋጥከው። ገመዱ 8 ሜትር ከሆነ ግን 4 ሚሊ ሜትር ምንም አትልም።

ጎረቤታችን ግንበኛ ነው። ቱንቢና ሲባጎ ተዋስኩት። ከ3ኛ ፎቅ ብረት ላይ አስሬ አወረድኩና አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ገፋ አድርጌ ለቀቅኩት። አብዝተህ ከገፋኸው ቀመሩ ራሱ አይሠራም። 100 ውዝዋዜ እቆጥራለሁ፣ ስልኬ ሰዓት ይይዛል። ከታች ያሉት እማማ ዘንቢላቸውን ይዘው ቆሙ። «አንተ ልጅ፣ ጀርመን ሄደህ የተማርከው ይሄንን ነው?»

ውጤቱ 9.92። ጭራሽ!

ስህተቱን ያገኘችው የጎረቤት ልጅ ናት፤ አራተኛ ክፍል ብትሆን ነው። «አንድ የምትለው እኮ ገና ስትለቀው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዜሮ ማለት ነበረብኝ። 100 ያልኩት 99 ነበር። አስተካክዬ ደገምኩት፤ 9.73።

እዚህ ጋ ሰይጣን መጣ። ሁለቱን ደምረህ ለሁለት ብታካፍል 9.82 ምናምን ይሆናል፣ የ9.81 የቅርብ ጎረቤት። ማን ያየኛል? እናቴ ከላይ «አቦሉ ቀዘቀዘ!» ትላለች። እኔ ደብተሩን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። በዚህ ጊዜ እንኳ ደብተር ነበረኝ።

ሲባጎውን የለካሁት መሬት ላይ ዘርግቼ ነበር፤ 8.08 ሜትር። ቱንቢው እንደተንጠለጠለ፣ ከቋጠሮው እስከ ቱንቢው ወገብ ስለካው 8.12። ተለጥጧል! አምስት ጊዜ ደገምኩት። 100 ውዝዋዜ በአማካይ 572.7 ሰከንድ ፈጀ። ጂ 9.81 ቢሆን ኖሮ ቱንቢው 1 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ይጨርስ ነበር። የኔ ቁጥር 9.77 ነው፣ ፕላስ ማይነስ 0.01። ቡና የደረስኩት በረካው ላይ ነው።

ስመለስ ፖትስዳም ስለተሠራው ልኬት አነበብኩ። ከበርሊን በባቡር ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የታተመው የፖትስዳም ቁጥር፣ 9.81274፣ የዓለም የስበት ልኬት ሁሉ መነሻ ሆኖ ነበር። ኋላ ላይ ከትክክለኛው በ0.00014 ያህል እንደሚበልጥ ታወቀ፤ በይፋ የተተካው በ1971 ነው። እነዚያ ሰዎች በፔንዱለም ለዓመታት የለፉ ናቸው። ሳነበው የኔ ሲባጎ ትንሽ ቀለለኝ፣ አልዋሽም።

ደብተሩን ለላብ አስተማሪዋ ወሰድኩላት። 9.77ን አየት አድርጋ አለፈች። 9.92 እና 9.73 ያሉበትን፣ የተሰረዘውን ገጽ ግን ቆም ብላ አነበበችው። ቀና ብላ «ይሄ ገመድ በስንት ኪሎ ስንት ይለጠጣል?» አለችኝ። ሲባጎ ይዤ አልመጣሁም። ለእናቴ ደወልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሰው እጅ ደረሰኝ፣ ከበርበሬው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ።