የየራሳችን ዞን 2

ሰው ጂም የሚመጣው ሊደክም ነው። ከፍሎ መጥቶ ላቡ ሳይንጠፈጠፍ ከወጣ የተበላ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ስፒኒንግ ክላስ (ከቦታው በማይንቀሳቀስ ሳይክል የምንሠራው ስፖርት) ላይ "ዛሬ ዞን 2 ብቻ ነው ምንነዳው" ስል ቅሬታው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ዛሬም አንዷ ልጅ "ኮች፣ እንዲህማ ከሆነ ጣና ዳር ወክ ባደርግ ይሻለኝ ነበር" አለችኝ። እኔ ደግሞ ስለዚህ ነገር በጣም ነው የምጨነቀው፣ ምክንያቱም ሁሌ እስኪያለከልክ የሚነዳ ሰው ትንሽ ቆይቶ ወይ ጉልበቴን ይላል ወይ ጭራሽ ይጠፋል።

ዞን 2 ማለት ከከፍተኛ የልብ ምትህ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያለው ነው፣ ላብ አለው ግን ወሬ ሳይቆራረጥ ማውራት ትችላለህ። እዚያ ላይ ረዘም አድርጎ መንዳት ሲለመድ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም እየጨመረ ይሄዳል፣ ጡንቻ ውስጥ ጉልበት የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ይበዛሉ፣ ሰውነትም ስብ እያቃጠለ መሥራት ይለምዳል። ኋላ ዞን 4፣ ማለትም ከባዱ ዞን ስንገባ የሚሸከመን ይሄ ነው።

ችግሩ "ሁላችሁም 120 ላይ ያዙ" ብሎ መጥራት አለመቻሉ ነው። ከፍተኛ የልብ ምትን ለመገመት 220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚባለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ እነ ታናካ ያወጡት አለ፣ 208 ሲቀነስ ዕድሜ በ0.7 ተባዝቶ። 40 ዓመት ላይ ሁለቱም 180 ይሰጡሃል፣ 60 ዓመት ላይ ግን አንዱ 160 ሌላው 166 ይላል። ሁለቱም ደግሞ አማካይ ናቸው፣ የአንድ ሰው እውነተኛ ቁጥር ከዚያ 10 ምት ወዲህ ወይ ወዲያ ቢሆን ምንም አይገርምም።

እኔ የምወደው የካርቮነንን ቀመር ነው፣ እረፍት ላይ ያለውን የልብ ምት ስለሚያስገባ። ባህር ዳር ደግሞ የሳይክል ከተማ ናት፣ ክላሴ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ትምህርት ቤትም ሥራም በሳይክል ሲመላለስ የኖረ ሰው አለ፣ አጠገቡ ደግሞ ከባጃጅና ከወንበር ወርዶ የማያውቅ ጓደኛው አለ፣ ሁለቱም 40 ዓመት ቢሆናቸው በተራው ሂሳብ እኩል ናቸው። የአንዱ እረፍት 50 የሌላው 80 ከሆነ ግን 60 በመቶው ለመጀመሪያው 128፣ ለሁለተኛው 140 ይመጣል። (በዚህኛው ሂሳብ በመቶኛው የሚሰላው ከከፍተኛውና ከእረፍቱ ምት ልዩነት ላይ ሆኖ እረፍቱ ስለሚደመርበት ቁጥሩ ከተራው ከፍ ይላል፣ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።)

ደሞ ጋሼ አሉ። ለደም ግፊት ቤታ ብሎከር ይወስዳሉ፣ መድኃኒቱ የልብ ምትን ወደታች ስለሚይዘው ሂሳቡ ለሳቸው አይሠራም፣ 95 ላይ ሆነው በደንብ እየለፉ ሊሆን ይችላል። "ጋሼ፣ እርስዎ የልብ ምት ሰዓቱን ይተዉትና እያወሩ ይንዱ፣ ወሬው ሲቆራረጥ ሪዚስታንሱን (የፔዳሉን ክብደት) ይቀንሱ" አልኳቸው። አሁን ክላሱን በጨዋታ የሚይዙት እሳቸው ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው።

ሙቀቱም አለ። ሚያዝያ ላይ መብራት ጠፍቶ ፋኑ ከቆመ በዚያው ሪዚስታንስ በዚያው ካዴንስ (የፔዳል ፍጥነት) የልብ ምት ቀስ እያለ ሲወጣ ታየዋለህ፣ ደሙ ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ በላብ ውሃ ይቀንሳል፣ ልብ ያንን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል። እንደዛ ቀን "ጨምሩ" ማለት ጭካኔ ነው፣ ሪዚስታንሱን አስቀንሼ ዞኑን አስጠብቃለሁ። በጾም ወቅት ውሃ ሳይቀምሱ ለሚመጡትማ ከዞን 2 በላይ አልጠራም፣ ቢለምኑኝም።

አጭር ኢንተርቫል (በኃይል ነድቶ ማረፍ) ላይ ግን ቁጥሩን አላምነውም። 30 ሰከንድ በኃይል ስትነዳ ልብ ገና እየተከተለህ ነው፣ ሰዓቱ ዞን 4 የሚያሳይህ አንተ ማረፍ ከጀመርክ በኋላ ሊሆን ይችላል፣ የእጅ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ደረት ላይ ከሚታሰረው የበለጠ ይዘገያል። እዚያ ላይ ትንፋሻቸውን ነው የማየው።

አሁን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጽፌያለሁ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ፣ ቡና ሳትቀምሱ፣ የልብ ምታችሁን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጥራችሁ ላኩልኝ ብዬ። ከጋሼ በቀር ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ሳይክሉ መሪ ላይ እለጥፍለታለሁ፣ ያቺ ጣና ዳር ወክ ያለችውም ልጅ የሷን ታገኛለች።