«ፓርቲ የለኝም» ብዬ ያመለጠኝ ምርጫ

የአሜሪካ ዜግነት የወሰድኩት በ2012 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከመሐላው አዳራሽ ስንወጣ በር ላይ የመራጭ ምዝገባ ቅጽ የሚያስሞሉ ሰዎች ጠበቁን። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ ቶሎ ቶሎ ሞላሁ። «ፓርቲ» የሚለው ጋ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። እኔ ባደግኩበት አገር የፓርቲ አባልነት ስብሰባ ነው፣ መዋጮ ነው፣ ግምገማ ነው፣ አንድ ለአምስት ነው። «እዚህም ድረስ መጥቼ?» አልኩና ፓርቲ የለኝም የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ትንሽ ኩራትም ቢጤ ተሰማኝ።

የኩራቴ ሂሳብ የተወራረደው ጁን 24 ቀን 2014 ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በግዛቱ ምክር ቤት አከፋፈል ሰፈራችን ዲስትሪክት 20 ይባላል፤ ታኮማ ፓርክም እዚሁ ውስጥ ናት። ከሥራ ወጥቼ እየተጣደፍኩ ምርጫ ጣቢያ ደረስኩ። አስመራጯ ስሜን አገኘችና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ገለበጥኩት። ያለው የትምህርት ቦርድ ምርጫ ብቻ ነው። «ሌላው የት አለ?» አልኳት። «አንተ ፓርቲ የለህም፣ ይሄ የፓርቲዎች ምርጫ ነው» አለችኝ። ተሳስታ መሰለኝና ተከራከርኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ሜሪላንድ ውስጥ የጁኑ ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ፣ ዝግ ነው። የዴሞክራቶቹን እጩ የሚመርጡት በዴሞክራትነት የተመዘገቡ ናቸው፣ የሪፐብሊካኖቹንም እንደዚያው። «ታዲያ ምን አለበት፣ በኖቬምበሩ ዋና ምርጫ እመርጣለሁ» ትሉ ይሆናል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ግን ዲስትሪክት 20 ለዴሞክራቶች በጣም የሚያደላ ሰፈር ነው። በጁን ያሸነፈ በኖቬምበር ያሸንፋል። ሠርጉ ጁን ላይ ተደግሶ አልቆ፣ እኛ ኖቬምበር ላይ ለመልስ እንጠራለን።

ያመለጠኝም ቀላል ምርጫ አልነበረም። እያንዳንዱ ዲስትሪክት በግዛቱ ምክር ቤት አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባል) አለው። በዚያ ዓመት ከሦስቱ ዴሊጌቶቻችን ሄዘር ሚዙር ለግዛቱ ገዥነት፣ ቶም ሃከር ለካውንቲው (በግዛቱ ሥር ላለው የአካባቢ አስተዳደር) ምክር ቤት ተወዳድረው ስለነበር ሁለት ወንበር ክፍት ነበር። ዴቪድ ሙንና ዊል ስሚዝ በዚያ በር ገቡ። በ2016 ሴናተራችን ጄሚ ራስኪን ለአሜሪካ ኮንግረስ ሲመረጡ ስሚዝ ወደ ሴኔቱ ወንበር ተዛወሩ። የስሚዝን ቦታ ደግሞ በ2017 መጀመሪያ ጄኔል ዊልኪንስ ያዙ። ለእነዚህ ሁለት ሹመቶች ሕዝብ ድምፅ አልሰጠም። ወንበር መሃል ላይ ሲለቀቅ የፓርቲው ኮሚቴ ስም ያቀርባል፣ ገዥው ይሾማል። ኮሚቴው የሚመረጠው ደግሞ በዚያው በጁኑ ወረቀት ነው። ታች ወርዶ፣ ማንም የማያውቃቸው ስሞች የተደረደሩበት ቦታ አለ፣ እሱ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ራሴን ያዝኩ።

በ2018 ምርጫው ሲመለስ (አራቱም ወንበሮች በየአራት ዓመቱ አንድ ላይ ነው የሚመጡት) ለብዙ ዓመት ያገለገሉት ሺላ ሂክሰን ጡረታ ወጡና አንድ ወንበር ክፍት ሆነ። እኔም ቆረጥኩ። ማንም ይመረጥ ማን፣ የእኛ ሰው ባዶ ወረቀት ተቀብሎ እንዳይመለስ።

የጀመርኩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቡና ሲጠጣ ጥግ ላይ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። በግዛቱ የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስምና የትውልድ ቀን ሲገባ በየትኛው ፓርቲ እንደተመዘገባችሁ ያሳያል። አንድ አባት መጡና «ልጄ፣ ፖለቲካህን ከደጅ ተው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን እጩ መደገፍ አይፈቀድላትም፣ እኔም የማንንም ስም እንደማላነሳ ቃል ገባሁ። ጠባቡ በር ያ ነው፦ ዴሞክራትም ሁኑ ሪፐብሊካን ምርጫው የእናንተ፣ እኔ የማሳያችሁ ቅጹን ብቻ። ትንሽ ቆይተው እሳቸውም መነጽራቸውን አወጡና «እስቲ የኔንም እየው» አሉ። ፓርቲ የለኝም። ደብተሬ ላይ ከመዘገብኳቸው ሰዎች ከግማሽ በላዩ እንደኔው ነበሩ፣ ምክንያታቸውም ያው የኔው። «እዚህ አባልነት ማለት ቅጽ ላይ አንድ ምልክት ነው፤ መዋጮ የለ፣ ስብሰባ የለ፣ ነገ ትቀይሩታላችሁ» እያልኩ ስንት ቀን እንደደጋገምኩ።

ነገ ትቀይሩታላችሁ ያልኩት እንኳ ሙሉ እውነት አልነበረም። ፓርቲ መቀየር የሚቻለው እስከ ፕራይመሪው 21 ቀን ሲቀረው ነው። በ2018 ፕራይመሪው ጁን 26 ስለነበር መጨረሻው ጁን 5 ሆነ። እኔ የጀመርኩት ሜይ አጋማሽ ላይ ነው። ዘገየሁ። ጁን 5 ካለፈ በኋላ ስንቱን «ለዘንድሮ አልፏል» ብዬ መለስኩ። አሁን ቢሆን መጋቢት ላይ እጀምራለሁ።

ከሁሉ ያደከመኝ ግን «ዲስትሪክት» የሚለው ቃል ነው። ጎረቤቴ እማማ ያኔ በአንድ አድራሻ ሦስት ቁጥር ነበራቸው፦ ለኮንግረስ 8፣ ለግዛቱ ምክር ቤት 20፣ ለካውንቲው ምክር ቤት 5። «ልጄ፣ እኔ የማን ነኝ?» አሉኝ። ለእሳቸው የጠቀመው ቁጥሩን ትቶ ሥራውን መንገር ነው፦ የግዛቱ ምክር ቤት ሰዎች በጃንዋሪ የግዛቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ገብተው ለ90 ቀን የሚሰበሰቡ፣ የመንጃ ፈቃድን፣ የጤና ሽፋንን፣ የትምህርት ቤት በጀትን ሕግ የሚያወጡ ናቸው።

ታኮማ ፓርክ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም በከተማዋ ምርጫ ይመርጣል። አንድ ወንድማችን በግሪን ካርድ ከንቲባ ስለመረጠ ለዲስትሪክት 20ም ሊመዘገብ እስክሪብቶ አንስቷል። ከእጁ ነጠቅኩት ማለት ይቻላል። የግዛቱ ምርጫ የዜጋ ብቻ ነው፤ በስህተት መመዝገብ ራሱ የኢሚግሬሽን ጉዳይን ሊያበላሽ ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ቅጽ ከመስጠቴ በፊት «ዜጋ ነህ? ዜጋ ነሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ይቀየመኛል። ይቀየም።

አንድ የምርጫ ቡድን «በአማርኛ አሳትመናል» ብሎ የበራሪ ወረቀት ክምር ላከልኝ። ማሽን እንደተረጎመው ያስታውቃል። እጩዋ «ትወዳደራለች» ለማለት «ለምክር ቤት ቢሮ እየሮጠች ነው» ይላል። እማማ አንብበው ደነገጡ። «ምነው፣ ማን አባረራት?» ክምሩን ጋራዥ ውስጥ ከተትኩት።

ቀደም ብሎ ድምፅ የሚሰጥበት ሳምንት ደረሰና እማማን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲቪክ ሕንፃ ሄድኩ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ እንጂ በአማርኛ የለም። ግን ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል፤ አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው ግን አይሆኑም። ቅጽ ፈርሜ አብሬያቸው ገባሁ። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፣ ፊቴን ወዲያ አዞርኩ።

ዴሊጌት ላይ ሲደርሱ ጠሩኝ። «ሦስት ምረጪ ይላል ወይ? እኔ የማውቀው አንዷን ነው። ቤቴ ድረስ መጥታ ቡና ጠጥታለች።»

«እስከ ሦስት ነው የሚለው፣ እማማ። አንድም ይበቃል።»

አሰቡ። ለማያውቁት ሰው የሚሰጡት ድምፅ ያችኑ የሚያውቋትን ሊጥልባቸው እንደሚችል ለመረዳት እኔ ሁለት ምርጫ ፈጅቶብኛል። እሳቸው ግን ያችን አንዷን ብቻ አጠቆሩና «በቃ፣ አስገባልኝ» አሉ።