41 ኪዩብ ውኃ የት ገባ?

የኅዳር ወር የውኃ ቢላችን 41 ኪዩብ ይላል። ቤት ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እናቴ፣ እኔና ልጄ። ከዚያ በፊት ከ9 ኪዩብ አልፈን አናውቅም።

ሰፈራችን ልደታ አካባቢ ነው። ጎንደር ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ የታወቀ ነው፤ ያኔ የእኛ ተራ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን በምትመጣ ውኃ 41 ኪዩብ እንዴት ይሞላል? ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 50 ጀሪካን። ከወትሮው በላይ የተጻፈብን 32 ኪዩብ 1,600 ጀሪካን ማለት ነው። ሰፈራችን ውስጥ እኮ ለአንድ ጀሪካን ውኃ ወረፋ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ብሩም አናደደኝ፣ ግን ከብሩ በላይ ያመመኝ ይሄ ነው።

ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ሁለት ወር አልቃጠልም ነበር ብዬ ስለምቆጭ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ስህተት ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ሰውየው ገና ከበሩ ሳይገባ «ሻወር ቤት ነው፣ ሁልጊዜ ሻወር ቤት ነው» አለኝ። አመንኩት። ሴራሚኩን በመሮ አነሳው፣ ሊሾውን ሰበረው፣ ከስር ደረቅ አፈር ወጣ። ሌላ ጥግ ሰበረ፤ እሱም ደረቅ። ለእጅ ዋጋና በኋላ ሴራሚኩን ለማስመለስ ወደ 7,000 ብር ወጣብኝ። እሱን አልወቅስም። ሳላጣራ «ስበር» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደወለ። እዚያ የመንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በየዓመቱ በእነሱ ማርች ወር አንድ ሙሉ ሳምንት «የሚያፈሰውን ጠግኑ» እያለ ሕዝቡን ያስተምራል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ሩቢኔት በዓመት ከ11,000 ሊትር በላይ ያባክናል ይላሉ፤ ከ550 ጀሪካን በላይ ነው። ወንድሜ የነገረኝ ግን ቁጥሩን ብቻ አልነበረም። «ምንም ከመስበርሽ በፊት ሁሉንም ዝጊ። ቆጣሪውን ጻፊ። ሁለት ሰዓት ውኃ ሳትነኩ ቆዩና ደግመሽ እዪው» አለኝ።

ምክሩ ጥሩ ነው፣ ግን የጎንደርን ፈረቃ አያውቅም። እዚህ ከሞከራችሁት ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ፈተናው የሚሠራው በውኃ ቀን ብቻ ነው። መስመሩ ውስጥ ውኃ ከሌለ ቆጣሪው ዝም ይላል፤ የሚያፈስ ቦታ የለም ማለት ግን አይደለም። ሁለተኛ፣ ውኃው እንደመጣ ወዲያው አትጀምሩ። መጀመሪያ ከመስመሩ የሚወጣው ንፋስ ራሱ ቆጣሪውን ያዞረዋል። ውኃው ተረጋግቶ፣ ታንከራችሁ ሞልቶ ካበቃ በኋላ ጀምሩ። እኔ ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጻፍኩ፣ ረቡዕ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አየሁ። ቤት ውስጥ አንድም ሩቢኔት ሳይከፈት ከ900 ሊትር በላይ አልፏል።

ሐሙስ በየተራ መዝጋት ጀመርኩ። የሽንት ቤቱን ሳጥን የቀይ ሥር ቅቅል ውኃ ጨምሬ ፈተንኩት። ሳይለቀቅ ቀዩ ወደ ታች ከወረደ ውስጡ ያለው ጎማ ያፈሳል ማለት ነው። አልወረደም። የታንከሩን መግቢያ ዘጋሁ፤ ቆጣሪው ይዞራል። በመጨረሻ ወደ ቤት የሚገባውን ዋናውን ቫልቭ ዘጋሁ፤ አሁንም ይዞራል። እንግዲያው የሚያፈሰው ቤት ውስጥ አይደለም። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ግድግዳ ባለው መስመር ላይ ነው።

ያ መስመር የሚያልፈው በእናቴ ጌሾ ስር ነው። ታኅሣሥ ነው፤ ግቢው አመድ ሆኗል። ጌሾው ግን ለምልሞ ይታያል። ስሩ ያለው ሰርዶ አረንጓዴ ነው። ዶሮዎቹ ጠዋት ጠዋት እዚያው ይጭራሉ። እናቴ «ዘንድሮስ ጌሾዬ ተባረከ» ስትል አብሬያት ደስ ብሎኝ ነበር። እጄን አፈሩ ላይ ሳደርግ ጭቃ ነው። ሻወር ቤቱን ያስፈረስኩት ይህን ሁሉ በየቀኑ እያየሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። ቢሉን ይዤ የሄድኩበትን የውኃ መስሪያ ቤት ስም አልጠራም።

ደንቡ ቀላል ነው። ከመንገድ እስከ ቆጣሪው ያለው የእነሱ ነው፣ ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለው የእኛ። ይህን ዐውቃለሁ። የፈለግሁት ባለሙያ መጥቶ እንዲያይልኝና ቢሉን እንዲያስተካክሉልኝ ነበር። መስኮት ላይ ያለው ልጅ በትሕትና ነው ያናገረኝ። «እህት፣ ባለሙያ እንልካለን። እስኪያይ ድረስ ግን እንዳትነኪው። ከተጠገነ በኋላ ምን እናያለን?» አለኝ። ልክ መሰለኝ። ማመልከቻ እንኳ አልጻፍኩም፤ ስሜንና የቆጣሪ ቁጥሬን በአንድ ደብተር ላይ መዝግቦ አሰናበተኝ። ቀን አልጠየቅኩም፤ የመዝገብ ቁጥርም አልተቀበልኩም።

ባለሙያው የመጣው ከ10 ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። ረቡዕ የውኃ ቀናችን አይደለም። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እናቴ ናት የተቀበለችው። የቆጣሪውን ክዳን ከፈተ፤ መርፌው ቆሟል። የግቢውን ሩቢኔት ከፈተ፤ ንፋስ ብቻ ወጣ። እናቴ «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ውኃ የለም፣ ነገ ብትመጣ ጥሩ ነበር» አለችው። ጌሾውንም አሳየችው። «እናቴ፣ እኔ የታዘዝኩት ቆጣሪውን እንዳይ ነው» አላት። ቅጹ ላይ «የሚያፈስ መስመር አልተገኘም፤ ቆጣሪው ትክክል ነው» ብሎ ጻፈና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አላት። ፈረመች።

ማታ ቤት ስገባ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። እናቴን ተቆጣኋት። «ለምን ፈረምሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ዝም አለችኝ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። እሷ ለሰውየው እውነቱን ነግራዋለች፤ አልሰማትም። እኔም አልሰማኋትም።

ያቺ አንዲት ወረቀት ከዚያ በኋላ በየሄድኩበት ቀድማኝ ትጠብቀኝ ነበር። «ባለሙያ አይቶታል።» «ቤተሰብሽ ፈርሟል።» «የሚያፈስ ከሌለ የተጠቀማችሁት ነው ማለት ነው።» ውኃ በሌለበት ቀን እንደታየ ሳስረዳ «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገራችሁም?» ይሉኛል። ተናግረናል። ግን የጻፈው ሰው የለም። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል፤ ሌላው ስብሰባ ላይ ነው። በዚህ መሃል እኔ ሞኝ ታዛዥ ሆኜ «እንዳትነኪው» ያሉኝን እያከበርኩ ጌሾው ስር ውኃው ይፈስሳል። የታኅሣሥ ቢል 38 ኪዩብ መጣ።

የጥምቀት ከተራ ዕለት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ የተሞላውን የፋሲለደስ መዋኛ ከልጄ ጋር ቆመን ስናይ፣ በሐሳቤ የነበርኩት እቤታችን ነው። ለከተማችን ውኃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ በደለል ተቸግሯል እያልን፣ የመገጭ ግድብ መቼ ያልቃል እያልን ዓመታት የምናወራ ሰዎች ነን። ያን ውኃ እኔ ግቢ ውስጥ መሬት እየጠጣው ነው።

ከበዓሉ ማግስት የተሻለ ሥራ ሠራሁ። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጻፍኩ። የውኃ ቀኖቻችንን ጠቀስኩ። የቆጣሪውን የማታና የንጋት ንባብ ከነሰዓቱ አያያዝኩ። ዋናው ቫልቭ ተዘግቶ መርፌው ሲዞር የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኬ ላይ ይዤ ሄድኩ። ግድግዳቸው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ፎቶ አነሳሁት፤ የትኛው አገልግሎት በስንት ቀን እንደሚሰጥ ራሳቸው ጽፈውታል። ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥርና ቀን በእኔ ቅጂ ላይ አስጻፍኩ፤ አንዱን ቅጂ ለቅሬታ ሰሚ ሰጠሁ። ስምንት ቀን አልሞላም፣ ማክሰኞ ጠዋት ሌላ ባለሙያ መጣ። ጎበዝ ሰው ነው፤ ቆጣሪውን አይቶ ጌሾው ስር ተንበርክኮ አዳመጠ። በድጅኖ ግማሽ ሜትር እንኳ ሳንቆፍር አሮጌው የብረት ቧንቧ መታጠፊያ ክርኑ ላይ በዝገት ተበልቶ አገኘነው። ክርኑ 250 ብር ነው። በዚያው ቀን ከሰዓት ተጠግኖ አበቃ።

ቢሉ አልተቀነሰልኝም። ከቆጣሪው በኋላ ስለሆነ ክፍያው በሦስት ጊዜ ተከፋፈለልኝ፤ ያገኘሁት እርዳታ እሱ ነው። ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የኪዩቡ ዋጋም ስለሚጨምር 41 ኪዩብ ከ9 ኪዩብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ይከብዳል።

ስለዚህ «ሳትነኩ ጠብቁ» ቢሏችሁ እኔ አትጠብቁ እላለሁ። በቪዲዮ ያዙት፣ ሁለት ጎረቤት ይይላችሁ፣ ከዚያ አስጠግኑ። የተበላሸውን ዕቃ አትጣሉት፤ በፌስታል አስቀምጡት። ገንዘብ ከሌላችሁም ቆጣሪው ጋ ያለውን ቫልቭ ዝጉና ታንከር ለመሙላት ብቻ ክፈቱት። እኔ ይህን በመጀመሪያው ማክሰኞ ባደርግ የታኅሣሡ 38 ኪዩብ አይመጣም ነበር። ሌላም አለ፤ በፈረቃ ከተማ ውኃ ሲቋረጥ በዚያው ቀዳዳ ቆሻሻ ወደ መስመሩ ሊሳብ ይችላል። ልጅ ያለበት ቤት ይህን አያቆይም። ባለሙያ ሲላክላችሁም የውኃ ቀናችሁን አስጽፉ፤ በሌላ ቀን ከመጣ ቡና አጠጡትና ሳትፈርሙ ሸኙት።

አሁን ቆጣሪው አጠገብ ደብተር አንጠልጥለናል። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትጽፈው እናቴ ናት። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ሦስተኛውን ክፍያ በሚያዝያ ከፈልኩ፤ ደረሰኙን «የሚያፈስ መስመር አልተገኘም» ከሚለው ወረቀት ጋር አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ።